ጓድ ኃላፊውና በጉ

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ገበሬ በሚያስተምር መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ስላይድ የማሳየት ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ማንም አላስተማረኝም። ፕሮጀክተሩን ያስረከቡኝ ሰዎች «ቁልፉ ይኸ ነው» ብለውኝ ሄዱ፤ እኔም ቁልፍ መጫን ካወቅሁ ሁሉን ያወቅሁ መሰለኝ።

ጉዴ የፈላው አንኮበር ላይ ነው። ያ ፕሮጀክተር አንዱን ሥዕል አውጥቶ ሌላውን እስኪያስገባ ድረስ ግድግዳው ይጨልማል። በእኛ አገር ደግሞ ስብሰባ ሲያልቅ ሽማግሌ ተነሥቶ ይመርቃል። የመጀመሪያው ሥዕል ጠፍቶ ቤቱ ሲጨልም፣ ፊት የተቀመጡት አዛውንት አለቀ ብለው ተነሡና «አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ዝናቡን የምሕረት ያድርግልን» እያሉ መመረቅ ጀመሩ። ሕዝቡም «አሜን» አለ። ሁለተኛው ሥዕል ሲበራ ደንግጠው ተቀመጡ። ሲጨልም እንደገና ተነሡ። ስለ እርከን ሥራ ላስተምር ሄጄ ስመረቅ ዋልኩ። በመጨረሻ አዛውንቱ ደከማቸውና፣ «ልጄ፣ ወይ ጨርሺ፣ ወይ አትጨርሺ» አሉኝ።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ተነጫነጭኩ። ጀኔሬተሩንም የሚያስነሣልኝ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሲሰማኝ ቆየና፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ በጣቱ አሳየኝ።

«ጉሙን እይው እስቲ። አንዱን ተራራ እየሸፈነ ሌላውን ይገልጣል እንጂ መች ያጨልማል? አንቺም ሁለት ፕሮጀክተር አብሪያ።»

መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣ ሌላ ፕሮጀክተር ነበር። ሁለቱንም አንድ ቦታ ላይ አነጣጠርናቸውና ሌንሱን የምንጋርድበት አንድ አንድ ቁራጭ ካርቶን ያዝን። እኔ በአንዱ ሌንስ ፊት ካርቶኔን ቀስ እያልኩ ሳወርድ፣ እሱ የራሱን ቀስ እያለ ያነሣል። መጀመሪያ ላይ አንዳችን ስንፈጥን ሌላችን ስንዘገይ ተጣላን። በኋላ ግን እጃችን ተስማማ። የገብስ ማሳው ሳይጠፋ፣ እዚያው ላይ ክምሩ ብቅ ሲል ያየሁ ቀን፣ እውነቴን ነው፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

እንዲህ በሠለጠንን በጥቂት ጊዜ ውስጥ አዲስ የተሾመው የአውራጃው ጓድ ኃላፊ ዝግጅታችንን ሊያይ መጣ። ገና ወጣት ነው፤ ሲስቅ አይቶታል የተባለ ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰው በአንድ ቃል ይታሰር ስለነበር እኛም እንዲስቅ አልጠበቅንም። የቀበሌውን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደን ጀመርን። እሱን ለማስደሰት ብዬ ለገበሬዎች ንግግር ሲያደርግ ያነሣሁትን የራሱን ሥዕል አስገብቼ ነበር። ከሱ ቀጥሎ ትራክተር፣ ከትራክተሩ ቀጥሎ የመንዝ በግ።

የትራክተሩ ስላይድ የወረቀት ክፈፉ በእርጥበት አብጦ ፕሮጀክተሩ ውስጥ አልወርድ አለ። ሾፌሩ ምን ያድርግ፣ ነቅሎ ጣለውና ቀጣዩን አስገባ። እኔ ይኼን አላየሁም። ካርቶኔን ማውረድ ጀመርኩ፤ እሱም የራሱን አነሣ። የኃላፊው ፊት ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ከግራና ከቀኝ ጆሮው በላይ ሁለት ጥምዝ ቀንድ በቀለ።

እጄ እዚያው ደረቀ። ጓድ ኃላፊውን ብሸፍነው በወንበሩ በግ ሊቀር ነው። በጉን ላስጠፋ ብል ደግሞ ካርቶኑ በሾፌሩ እጅ ነው፤ እሱም እንደ እኔ ደርቋል። እናቴን አሰብኩ፤ ማን እንደሚነግራት አሰብኩ።

ከኋላ በኩል ከአልዩ አምባ የመጡ አንድ አዛውንት ነጋዴ ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ሱብሃነላህ። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይኸው ነው።»

ተረቱ ኋላ መጥቶ ታላላቆቹን ለበለጠ ሰው የሚባል ነው። ጓድ ኃላፊው ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ከተደረደሩት ሁሉ ታናሽ ነበር። አወድሰውት ይሁን ሰድበውት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አዳራሹም የሚያውቅ አልመሰለኝም። አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለው። ኃላፊው ወደ ኋላ ዞሮ አዛውንቱን ትክ ብሎ አያቸው፣ ግድግዳውንም አየና ማጨብጨብ ጀመረ። ያኔ ካርቶኔን እስከ ታች አወረድኩት፤ በጉም ብቻውን በሰላም ቆመ።

ሕዝቡ ወጥቶ ሲያልቅ ጓድ ኃላፊው ወደ እኔ መጣ።

«ያን ቀንድ ሆን ብለሽ ነው?»

አዎ ብል አሾፍኩበት ማለት ነው፤ አይ ብል ደግሞ እሱ ሊያየው ለመጣ ዝግጅት ግድ የለኝም ማለት ነው። እውነቱ አመለጠኝ።

«ጓድ፣ ጀማሪ ነኝ» አልኩት።

ወደ በሩ አየ። አጃቢዎቹ ውጭ ሲጋራ እያጨሱ ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔም ነኝ» አለኝና ወጣ።

የፕሮጀክተሩ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ «ምን አለሽ? ምን አለሽ?» እያለ ቢጨቀጭቀኝም፣ ሳቁ ይዞኝ መመለስ አቃተኝ።