ይፈርሳል ያልኩት ቤት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ጾም ስለ መሻሬ፣ ሰው ስለ ማማቴ እናዘዝና ይህችን ዘልያት አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ነው የደፈርኩት።

የእናቴን የቀበና ቤት ያሸጥኳት እኔ ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻዋን የቀረችበት የጭቃ ቤት ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንጦጦ ይታያል፤ በክረምት ወንዙ ይሰማል። ፍሬው ሳይበስል የምንጨርሰው አንድ የኮክ ዛፍም ነበረን። እኔ ግን መኪና አማረኝ። ታክሲ መሰለፍ ሰለቸኝ፤ ይኸው ነው ምክንያቴ፤ የተሻለ ቢኖረኝ እነግራችሁ ነበር። ሽጪ ብላት እንደማትሸጥ ስለማውቅ አንድ ቀን ፊቴን አጨፍግጌ ገባሁና፣ «እማዬ፣ ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው። ውስጥ አዋቂ ነው የነገረኝ። ሳይቀድሙን እንሽጠው» አልኳት።

ማን ነበር የነገረኝ? ማንም! እኔው ነኝ የፈጠርኩት።

እናቴ ሳምንት ሙሉ አለቀሰችና ፈረመች። የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ገዛንላት፤ በተረፈው መኪናዬን ገዛሁ። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ «እዚህ ዝናቡ ድምፅ የለውም እኮ» አለችኝ። ቆርቆሮው ናፍቋት ነው። እኔንም ናፍቆኝ ነበር፤ ግን በምን አፌ ልናገር?

በደሌ በእሷ ቢያበቃ ኖሮ! እናቴ ለሰው የሚጠቅም ወሬ ይዛ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። ከቀበና ከመውጣቷ በፊት እድሩ ሲሰበሰብ ብድግ ብላ፣ «ልጄ ከሚያውቅ ሰው ሰምቷል፤ እናንተም ሳይደርስባችሁ አስቡበት» አለቻቸው። እናቴ እንደማትዋሽ እድሩ በሙሉ ያውቃል። አጥር ተጋርተው ልጆች ያሳደጉት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አመኗት። ቤታቸውን ለመጀመሪያው ገዢ በጥድፊያ ሸጡት።

ሁለት ዓመት አለፈ፤ ሰፈሩ አልፈረሰም። እትዬ ዘነበች አራቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተው እናቴ ቤት መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

«ከቤቴ ያስወጣሽኝ አንቺ ነሽ። ይኸው በስተርጅና በሰው ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቻለሁ። ብሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ!» አሏት።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «የኔ ልጅ፣ አይፈርስም እንዴ?»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና፣ «ፕላኑ ተቀይሮ ነው» አልኩ።

አመነችኝ። ያልተጣራ ወሬ አውርቼ ጎረቤቴን አፈናቀልኩ ብላ የእኔን ኃጢአት እንደ ራሷ ተናዘዘችው። «አባ ቀኖና ሰጥተውኛል፤ ስግደቱን እንጦጦ ራጉኤል ሄጄ ነው የምፈጽመው» አለችኝ። ማን ወሰዳት? እኔ! በዚያችው መኪና። ቀበና ስንደርስ አጥሩንና የኮኩን ጫፍ ለማየት «ቀስ በል እስኪ» ትለኛለች። እኔ ነዳጅ እረግጣለሁ። ተራራው ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ወድቃ ስትነሣ፣ ተነሥታ ስትወድቅ፣ እኔ ቅጽሩ አጠገብ ቆሜ አያታለሁ። «እማዬ፣ ተይው፣ የኔ ነው» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ አፌ ድረስ መጣ፤ ስንት ጊዜ ዋጥኩት! ስትጨርስ ነጠላዋን እያራገፈች፣ «ስትጠብቀኝ ደከመህ አይደል?» ትለኛለች። ከዚያ ሁሉ ስግደት ይልቅ ይህችን ጥያቄዋን መሸከም አቅቶኛል።

አሁን እናቴ የለችም። እትዬ ዘነበች ለቅሶዋ ላይ አልመጡም፤ አልፈርድባቸውም። አንዳንድ እሑድ ቀበና እወርድና ከቤታችን ፊት ለፊት እቆማለሁ። ቤቱ አለ። በሩን ሌላ ቀለም ቀብተውታል። እዚያ በረንዳ ላይ ሆና ስሜን ስትጠራ ብሰማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምን አለበት? ናፍቆቱ አንጀቴን ይበላኛል፤ በእጄ ያመጣሁት ስለሆነ ደግሞ አጽናኑኝ ማለት አልችልም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው በእትዬ ዘነበች እጅ ነው፤ እሳቸውም በሕይወት አሉ። ሄጄ የምነግራቸው ቃል ረጅም አይደለም፦ «እናቴ አልዋሸችዎትም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» የተከራዩበትን ግቢ አውቀዋለሁ፤ ከቤቴ ሩቅ አይደለም።

እስከ ዛሬ አልሄድኩም።