መካን ያልኳት ድኩላ

ልጆች፣ ስለ አደን ስትጠይቁኝ ጎሽና አንበሳ ትጠብቃላችሁ። እኔን ግን ለሞት ያቃረበችኝ አንዲት ድኩላ ናት።

ጥር ነበር፤ ባሌ ደጋው ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጋል። ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ዱካ በማንበብ የሚስተካከለው የሌለ ገመዳ፣ እና የዱር እንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሰናይት። ፈቃዱን ያወጣችው ለጥናት ነው። ሴት ድኩላዎች በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ እንዳረገዙ የመውለጃ አካላቸውን መርምራ ማወቅ ፈልጋ ነበር።

ገመዳ ሦስት ቀን የተከታተላትን አሮጊት ድኩላ አሳየን። ግልገል አይከተላትም፤ ዱካዋ ሁሌም ብቻውን ነው። «ይቺ መካን ናት፤ ብትሞትም ጉዳት የለውም» አልኩ። ገመዳ ፊቱን ወደ ዱካው መለሰ።

ተኮስኩ። ተመትታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠባጠበው ደም አረፋ ነበረውና ሳንባዋን እንዳገኘኋት ገባኝ። ጥቂት ጠብቀን ተከተልናት፤ ገመዳ ከፊት፣ እኔ ከኋላው። ወድቃ አገኘናት። ሊያያት ጎንበስ ሲል ከማዶዋ ነብር ተነሣ። ለካ ደሙን አሽትቶ ቀድሞናል።

ጠመንጃዬን ሳነሣ ነብሩ ገመዳ ላይ ወጥቷል። ብተኩስ ሰውዬውን ልመታው ነው። ተጠግቼ በሰደፉ ደጋግሜ መታሁት። ዞሮ ሲያጓራብኝ ትንፋሹ ፊቴን አሞቀው። ከዚያ ድንገት ዘሎ ጫካው ውስጥ ገባ።

ሰናይት የገመዳን ትከሻ አጥባ አሰረች። ለእሱ የጠራነው መኪና እስኪደርስ ድኩላዋን ከፈተች። እንቁላል የሚፈጠርባትን፣ ባቄላ የምታክል ሥጋ አውጥታ በስሱ ከፈለቻት። ውስጧ ቡናማ ጠባሳዎች ነበሩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እነዚህ ያለፈ እርግዝና ምልክቶች ናቸው» አለችኝ። «ቢያንስ አራት ጊዜ አርግዛለች። ልጆቹ አላደጉላት ይሆናል እንጂ መካን አይደለችም።»

ገመዳ ዛፍ ተደግፎ ይሰማ ነበር። «የእኔንም ሚስት እንደዚያ ይሏታል» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስት ቀብረናል።»

ስንት ዓመት አብሬው ጫካ ስገባ ስለ ቤቱ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ቁስሉ አመርቅዞ አዲስ አበባ ለሕክምና ሲመጣ እዚሁ ሀና ማርያም፣ እኔ ቤት ሰነበተ። ሚስቱ ዲንቂቱ አብራው ነበረች። አንድ ከሰዓት ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ ተቀምጬ የልጆቹን ስም ጠየቅኋት። እጇን አቁማ አየችኝ። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ጫልቱ፣ ቶሎሳ፣ ቢፍቱ።

ቢፍቱ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። አንድ ክረምት ኖራለች፤ መሳቅ ጀምራ ነበር አለችኝ።

ከሩቅ አይቶ በሌላው ሆድ መፍረድን ያኔ ተውኩ። ሦስቱን ስሞች ይኸው እስከ ዛሬ በቃሌ ይዣቸዋለሁ።