ዝናብ ያላላው ጠፍር

ሆሳዕና ከጦር ሠፈርነት ወደ ከተማነት በምታዘግምበት ዘመን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ተዳፋት የመጥረቢያ ድምፅና ዜማ ተቃቅፈው ይወጡ ነበር። መጥረቢያው የልጆች፣ ዜማው የአቶ ሰይፈሥላሴ።

አቶ ሰይፈሥላሴ የላስታ ሰው ናቸው። ወታደር ወንድማቸውን ተከትለው መጡ፤ ወንድማቸው ወደ ሌላ ግዛት ሲዛወር እሳቸው ቀሩ። ለምን ቀሩ ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ አንድ መልስ ያገኝ ነበር፦ እንሰቱ ከነፋሱ ጋር ሲጫወት ሰምተው፣ ጨዋታው ሳያልቅ ተነሥቶ መሄድ ነውር መስሏቸው ነው። ጨዋታውም አላለቀ፣ እሳቸውም አልሄዱ።

የታወቁት በጠፍር አልጋ ነበር። ጥሬ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ይተለትላሉ፣ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፣ እርጥቡን ወጥረው አልጋው ላይ ያስራሉ፤ ሲደርቅ እንደ ክራር ይጮኻል። ልጁን የሚድር ሁሉ ከእሳቸው ደጅ አይጠፋም። ሚስታቸው ወይዘሮ እህተማርያም ግን፣ ባልየው የወጠሩትን ጠፍር በጣታቸው እየመቱ ሲያንጎራጉሩ በሰሙ ቁጥር፣ ያገባሁት አናጢ ነው ወይስ አዝማሪ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ልጆቹ የመጡት በ፲፱፻፲፰ ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የደብሩ ገበዝ ቄስ ኃይለ ማርያም የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት አዲስ ቤተ ልሔም ማሠራት ፈለጉ። አናጢ ከአዲስ አበባ ይምጣ የሚለው ሰው ብዙ ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴ ግን፣ ሙያውን ለአገሩ ልጆች ላስተምርና እነሱ ይሥሩት ብለው ለመኑ። ገበዙ ብዙ ካመነቱ በኋላ ፈተና አወጡ። ልጆቹ አስቀድመው ለቄስ ተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ጎጆ ይሥሩ። ጎጆው እስከ ሰኔ ሚካኤል ዝናቡን ችሎ ከቆመ ቤተ ልሔሙ የእነሱ ነው። ካልቆመ ግን ልጆቹ በየቤታቸው ይበተናሉ፣ አናጢውም ከአዲስ አበባ ይመጣል።

ስድስት ልጆች ተሰበሰቡ። ብሩ የጸሐፊ ልጅ ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ አሰገደች፣ ብዕር የሚጠብቀው ጣት መጥረቢያ ያዘ ብለው ሳምንት ሙሉ አኩርፈዋል። ዶያሞ ደግሞ ከአንጋጫ በኩል የመጣ የከምባታ ልጅ ነው። አማርኛው ገና ይሰባበራል፤ እጁ ግን ከአፉ ቀድሞ ይናገራል።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሥራውን ሁሉ በግጥም ነበር የሚያስተምሩት። ልጆቹም እንደ ፊደል አስተማሪ «የኔታ» ይሏቸው ጀመር። መሐሉ ላይ ምሰሶውን ሲተክሉ፣ ዙሪያውን በቆሙት እንጨቶች ላይ አግዳሚውን ማገር ሲደረድሩ፣ አብረው ይህችን ያዜሙ ነበር፦

ምሰሶው ሲቆም ሰማይ ይናፍቃል፣
ማገሩ ሲታሰር ጎረቤት ያውቃል።

ማገሩን የሚያስሩበት ቀን ሲደርስ ዶያሞ ከእንሰት የሚፋቀውን ቃጫ አነሣ፤ እናቴ ቤት ሞልቷል፣ ዝናብ ሲመጣም ብሎ ጀመረ። የኔታ ሳቁ። ቃጫ የአህያ ጭነት ማሰሪያ ነው፣ ቤት ግን እንደ አልጋ ይወጠራል አሉና በጠፍር አሳሰሩት። ለዚህም ግጥም አላጡለትም፦

የበሬ ቆዳ ነው የቤቱ መቀነት፣
በደረቀ ቁጥር ይጨምራል ጽናት።

የጥር ፀሐይ ጠፍሩን አደረቀችው። ብሩ በጣቱ ሲመታው ጎጆው አንዴ እምም አለ። የኔታ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ደግነው እንባ አቀረሩ። በቀጣዩ ወር ክዳኑን ጨረሱ፤ ጭቃውን ግን፣ እንጨቱ ደህና አድርጎ ይድረቅ ብለው ለኋላ አቆዩት።

በልጉ በዚያ ዓመት ዘግይቶ ነበር። ግንቦት ሲጋመስ መጣና አሥራ አንድ ቀን ሳያባራ ዘነበ። ነፋሱ ዝናቡን እያጋደመ ከክዳኑ ሥር አስገባው። ጠፍሩ ውኃውን ጠጣ፣ ጠጣና እንደ አንጀት ለሰለሰ። ማገሩ ተንሸራተተ፤ ጣራው እንደ ሰካራም ባርኔጣ ወደ አንድ ጎኑ አዘነበለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የኔታ ከልጆቹ ጋር ሲደርሱ፣ ሁለት ውሾች ተንጠልጥሎ የቀረውን ጠፍር እየጎተቱ ይበሉ ነበር። ልጆቹ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞከሩ፤ ብሩ አልቻለም። የኔታ ግን አልሳቁም። ለሰኔ ሚካኤል የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

እቤታቸው ገብተው በገዛ እጃቸው በሠሩት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስድስቱ ልጆች ጓዛቸውን ተሸክመው በስድስት መንገድ ሲበተኑ ታያቸው። ወይዘሮ እህተማርያም እንዲህ አሏቸው፦

«ዕድሜዎን ሙሉ ያሰሩት አልጋ ነው። አልጋ ደግሞ ዝናብ አያውቅም።»

የኔታ ጠፍሩን በጣታቸው መታ አደረጉት። እንደ ወትሮው ጮኸ። ጥቂት አዳመጡትና ተነሥተው ወጡ። ዶያሞ ደጅ ላይ መጥረቢያ ይስላል። መምህሩ ከተማሪው ፊት ለፊት፣ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«ዶያሞ፣ ቃጫ ሲረጥብ ምን ይሆናል?»

«ይጠብቃል፣ የኔታ። አህያ በዝናብ ሲሄድ ጭነት አይወድቅም። ገመዱ ይነክሳል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ዶያሞ መጥረቢያውን ገልበጥ አደረገው። «ነግሬ ነበር» አለ። «የኔታ ግን ግጥም ጀመሩ።»

ያን ጊዜ የኔታ ሳቁ፤ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

በማግሥቱ ሁለቱ በጭቃ እየተንሸራተቱ አንጋጫ ወረዱ። የዶያሞ እናት እንሰት ይፍቁ ነበር። ልጃቸው የሆነውን ሁሉ በከምባትኛ ሲነግራቸው መፋቂያውን አስቀምጠው አንድ ነገር ጠየቁ። ዶያሞ ሊተረጉመው አፈረ፤ የኔታ ካልነገርከኝ አሉት። እናቱ የጠየቁት፣ ይህ ሰው ቤቱን በውሻ ምሳ ለምን አሰረው የሚል ነበር።

የኔታ ያን ቀን ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠው ቋጠሮ ተማሩ። ቃጫው እንዴት እንደሚገመድ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚቀበር። ሦስት ጊዜ ተፈታባቸው። እናትየው በየጊዜው ከእጃቸው ነጥቀው፣ እንደ ሕፃን ልጅ እንደገና ያስይዟቸዋል። ሲመሽ ሦስት ሸክም ቃጫ ሰጧቸው። የኔታም፣ ጎጆው ቢቆምም ቢወድቅም አንድ አልጋ ሠርቼ አመጣለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ ዝናብና ዘፈን ነበሩ። ጣራውን በባላ ደግፈው፣ ጠፍሩን እየቆረጡ ማገሩን አንድ በአንድ በቃጫ አሰሩት። ቋጠሮውን የሚያሳየው ዶያሞ ነው፤ ብሩ ሲሳሳት፣ የራሱ እናት የኔታን እንዳደረጓቸው ከእጁ ይነጥቀዋል። ግጥም ያጡት የኔታ ብቻ ነበሩ። ከታች ሆነው ቃጫ እያቀበሉ ያዳምጣሉ። ክፍተቱን ዶያሞ ሞላው። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ ከጣራው ላይ ቁልቁል እንዲህ አለ፦

ጠፍር በአገሩ ጀግና ነው ይሉታል፣
በሆሳዕና ዝናብ ሳይለመን ይፈታል።

ልጆቹ ተንጫጩ። የኔታ ግጥሙን ደግመው ለራሳቸው አሉትና፣ ቤት ይመታል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሰኔ ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ገበዙ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ዝናቡ ይወርዳል። ገበዙ ማገሩን በመቋሚያቸው ጎነተሉ፣ በትከሻቸው ገፉ፣ በመጨረሻም በሁለት እጃቸው ይዘው ተንጠለጠሉበት። ጎጆው ንቅንቅ አላለም። ቃጫው ረጥቦ እንጨቱን ነክሶታል።

«ሰይፈሥላሴ፣ ጠፍሩ የት ሄደ?»

«ውሾች በሉት፣ አባ። ይህን ያሰረው ዶያሞ ነው። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«እንግዲያ የኔታው ማነው?»

«በበጋ እኔ ነኝ፣ አባ። በክረምት እሱ ነው።»

ገበዙ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ቤተ ልሔሙን ሰጠናችሁ፤ ልጆቹም ከዚህ አይነቃነቁም አሉ። ወይዘሮ አሰገደች ከሰዉ መሐል ወጥተው፣ የብሩን የቆሳሰለ ጣት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። ያን ዕለት አላኮረፉም።

በሳምንቱ ስድስቱ ልጆች አዲስ የጠፍር አልጋ ተሸክመው የአንጋጫን መንገድ ያዙ። ዝናቡ አሁንም ይጥላል። አልጋውን ግን ከላይ እስከ ታች በእንሰት ቅጠል ሸፍነውታል፤ አንዲት ጠብታ አልነካችውም። የኔታ ከኋላ ይከተላሉ፤ ቅጠሉ ነፋስ ገለጥ ባደረገው ቁጥር ሮጥ ብለው ይመልሱታል። ልጆቹ የዶያሞን ግጥም እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የኔታ ድምፅ ነበር።