ለትሑት አገልጋይ የተገዛው ጋቢ

ቤተ ክርስቲያናችን ትሑት ሰው የሚሸልም ኮሚቴ አቋቋመች። ይህን ለሰው ስነግር ቀልድ ይመስላቸዋል። ቀልድ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል። ለሽልማቱ የሚታየውን ቪዲዮ እንድሠራ የታዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጅማ፣ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ካሜራ ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ «ስልኬ» እላለሁ፤ እውነትም በስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየተሳሳትኩ፣ እየደገምኩ ነው የለመድኩት። ሰርግና ምርቃት እቀርጻለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ፕሮግራም። ብዙ አልናገርም። ከካሜራ ጀርባ የሚቆም ሰው እንዲናገር ማንም አይጠብቅም፤ ይሄ ይስማማኛል። ጉዳቱ ሁሉንም ነገር መስማቴ ነው። በተለይ ምስክርነት። አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ የሠራውን ቤት፣ ልጁ ያገኘውን ቪዛ፣ ራሱ የጾመውንና የጸለየውን ይዘረዝርና መጨረሻ ላይ «ክብሩን ጌታ ይውሰድ» ይላል። ቪዲዮውን ስቆርጥና ስቀጥል ይህን ቃል ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ተናጋሪው መጀመሪያ የሚበቃውን ያህል ወስዶ የተረፈውን ለጌታ የሚተው ይመስለኛል።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ትርፍ ወንበር በሚከማችበት ክፍል ነው። ሰብሳቢው ቡና አቅራቢ ነው፤ ከአጋሮና ከአካባቢው ቡና ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ክፉ ሰው አይደለም። የአዳራሹን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው፤ ይህንን የማያውቅ ምእመን የለም፤ ራሱ ነግሮናል።

«የዓመቱ ትሑት አገልጋይ» አለ። «ጋቢ እናለብሰዋለን፣ ሰርተፊኬት እንሰጠዋለን፣ አጭር ቪዲዮ እናሳያለን። ወጣቱ እንዲማር ነው።»

መጀመሪያ የተጠቆሙት እዚያው አብረውን የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው።

«እኔን ተዉኝ። እኔ ምን አለኝ፤ አፈር ነኝ» አሉ።

«ይኸው፤ ትሕትና ማለት ይሄ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«ተዉኝ ብያለሁ እኮ።»

«አባባ፣ እምቢ ባሉ ቁጥር እየተመረጡ ነው» አለች የመዘምራን መሪዋ፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።

ሽማግሌው እንደገና እምቢ አሉ። በዚህኛው ግን ድምፃቸው ትንሽ የላላ መሰለኝ።

የመዘምራን መሪዋ ሌላ ሰው ጠቆመች፤ እቴቴን። እቴቴ ከጌታ እራት በኋላ ጽዋዎቹን የምታጥበው ሴት ናት። በእድሜ እናቴን ትበልጣለች፤ አንቱ ያልኳት ቀን ግን «የማን አያት አደረግከኝ» ብላ ተቆጥታኛለች። እሷም ለማንም አንቱ አትልም። አፏ አያርፍም። ከወንበር ሥር የተለጠፈ ማስቲካ በቢላዋ ትፍቅና በሶፍት ይዛ መዘምራኑ መሀል ትገባለች። «ይሄ የማን ነው? በዚህ አፍ ነው ሃሌ ሉያ የሚባለው?» ከዘበኛው ጋር ስለ ቁልፍ ያልተጣላችበትን እሑድ አላስታውስም።

«እሷ? እሷ እኮ ትጮሃለች» አለ ሰብሳቢው።

«ትጮሃለች» አለች የመዘምራን መሪዋ። «ግን ማክሰኞና አርብ አጋሮ እየሄደች አንድ የታመሙ መምህር ታጥባለች። ዘመዷ አይደሉም። ሚስታቸው የጸሎት ጓደኛዋ ነበሩ፤ ሚስትየው ካረፉ ወዲህ ነው የምታጥባቸው።»

ሰብሳቢው ከወንበሩ ቀና አለ። «ታጥባለች? ገላቸውን? ይሄማ ነው ቪዲዮ። እሱን ቅረጽልን። ሰው ያለቅሳል።»

«ታውቃለች?» አልኩ።

«ካወቀች ምኑን ትሕትና ሆነ? ልርዳሽ ብለህ ተከተላት።»

ለትሕትና ቪዲዮ እንድዋሽ ተነገረኝ ማለት ነው። ከዚያ ተነስተን በጸሎት ዘጋን። ዓይኔን ጨፍኜ የቆምኩት «አሜን» ለማለት ሳይሆን ንዴቴ እንዳይታይብኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ አገኘኋት። ሚኒባሱ ሳይሞላ እውነቱን ነገርኳት። ውሸት አይሆንልኝም፤ ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል።

«እቴቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሸልሙሽ አስበዋል። ቪዲዮ እንድቀርጽሽ ልከውኛል።»

ትደነግጣለች፣ ምናልባትም ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

«ሽልማቱ ምንድን ነው?» አለች።

«ጋቢ።»

«ወፍራም ነው?»

«አላየሁትም።»

«ወፍራም ከሆነ ባይዬ ጋሪዳ፤ በጣም ጥሩ ነው። ለመምህር ይሆናል። ብርድ ልብሳቸውን ቶሎ ቶሎ ስለማጥበው በዚህ ዝናብ አይደርቅም፤ እርጥቡን ለብሰው ያድራሉ።»

«ሽልማቱ የትሕትና ነው» ብዬ አስረዳኋት።

«የምን?»

«የትሕትና።»

«ኤዲያ» አለችና ወንበር ላይ ሦስተኛ ሰው ሊጨምርብን ወደ መጣው ወያላ ዞረች። «ማሎ፣ እባክህ፣ እኛ ሰው ነን፤ ጆንያ መሰልንህ?»

መንገዱን ሙሉ ከወያላው ጋር ስትከራከር ቆይታ አጋሮ ልንገባ ስንል ወደ እኔ ዞረች። «እኔን እንደፈለግክ አንሳኝ፤ ምን ይቀረኛል። መምህርን ግን አይሆንም።»

የመምህር ቤት በአንድ መጋረጃ ለሁለት የተከፈለች ናት። ከመጋረጃው ወዲህ ጠረጴዛና መጽሐፍ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ። ጎረቤታቸው የሆኑ ሙስሊም እናት እቴቴ በማትመጣበት ቀን ምሳ ያበሏቸዋል፤ እኛ ስንገባ የበሉበትን ሳህን ሊወስዱ መጥተው ነበር። «ዛሬ ደህና በልተዋል፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ወጡ። ማንም ጋቢ ያላለበሳቸው እኚህ ሴት የየትኛው ኮሚቴ ጉዳይ እንደሆኑ እያሰብኩ በረንዳው ላይ ቆምኩ።

«ማን ነው የመጣው?» አሉ መምህር ከመጋረጃው ወዲያ።

«ካሜራ ያለው ልጅ ነው። አይዞዎት፣ እዚያው ውጭ ይቆማል» አለች እቴቴ። ለካስ አንቱ የምትለው ሰው አላት።

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ክፍል ውስጥ፣ ለእኔ ተናገሩ። «ልጄ፣ በዚህ ከተማ ያስተማርኩት ሰው ብዙ ነው። ሁሉም የሚያውቁኝ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። እንደዚያው ይወቁኝ።»

«እሺ መምህር» አልኩ።

እሷ ግቢ ወጥታ አንሶላ ስታሰጣ ቀረጽኳት። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፤ ደመናው ሳስቶ አንሶላው ላይ ለስላሳ ብርሃን ወድቋል። ፊቷ ግን ለቪዲዮ አይሆንም ነበር፤ ገመዱን አላልቶ ያሰረውን ሰው እየረገመች ነበር።

ሐሙስ ለኮሚቴው የቀረጽኩትን አሳየሁ።

«ሰውዬውስ?» አለ ሰብሳቢው።

«አልቀረጽኳቸውም። አልፈለጉም።»

«አወቁ እንዴ? እሷም አወቀች?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ደስ አላት። ጋቢው ወፍራም ነው ወይ አለች።»

«እምቢ አላለችም?» ብለው የጠየቁት ሽማግሌው ናቸው።

«አላለችም።»

«አንድ ጊዜ እንኳ?»

«አንድ ጊዜም።»

ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። «ትሑት ሰው ሽልማት ሲሰጡት ይሸሻል፤ እሷ ውፍረቱን ጠየቀች።»

ለመምህር ልታለብሳቸው እንደሆነ ነገርኩት። እርጥብ ብርድ ልብስ ለብሰው እንደሚያድሩም ጨመርኩ። በኮሚቴ ፊት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

«እሱማ መልካም» አለ። «እንዲያውም መፍትሔው ይሄው ነው። እሳቸውን እናሳያቸው። ሕዝቡ ካያቸው ጋቢው ለምን እንደተሰጣት ይገባዋል። ገጻችን ላይም እንለቀዋለን። ካልታዩ ግን ሽልማቱን ለእሷ መስጠት ይከብዳል።»

«አይሆንም ብለዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ለጌታ ክብር ነው፣ ወንድሜ።»

«ጌታ አይቷቸዋል» አልኩ። ጮክ ብዬ አልነበረም፤ ግን ሰሙኝ። ሽማግሌው ወጣትነትና ትዕቢት ጎረቤት ናቸው አሉ። ሰብሳቢው አልተቆጣም፤ ይባስ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ግድ የለም። አርብ ለቡና አጋሮ እወርዳለሁ። ራሴ በስልኬ እቀርጸዋለሁ።»

አርብ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ከእቴቴ ጋር ሄድኩ። ሰብሳቢው ሊመጣ መሆኑን መንገድ ላይ ስነግራት «ይምጣ» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ብትጨነቅ ደስ ባለኝ። በንዴት ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ፒካፑን አጥሩ ጥግ አቁሞ፣ የሚያምር ጃኬት ለብሶ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ እባክዎ» አልኩት።

«ዞር በል፣ ወንድሜ።»

ዞር አላልኩም። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው አልገፈትርም። ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ የእቴቴ ድምፅ መጣ።

«አንተ ነህ? በሰዓቱ ደረስክ። ጃኬትህን አውልቅና ግባ። ብቻዬን ላገላብጣቸው አልቻልኩም፤ ይሄ ልጅ ደግሞ አጥንት ብቻ ነው። ስልክህን መስኮቱ ላይ አስቀምጥ፤ በሁለት እጅ ነው የሚያዙት። ቶሎ በል፣ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው።»

እሱ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን። ቡና አቅራቢ እንደ ቡና ጫኝ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። ስልኩን መስኮቱ ላይ አኖረ፤ ጃኬቱን ለእኔ ሰጠኝና ገባ።

የምሰማው ውሃ ሳፋ ውስጥ ሲንጠባጠብ ነው። «ከወገባቸው ደግፍ፣ ከወገባቸው። እንዲህ።» ከዚያ የመምህር ድምፅ፦ «የማን ልጅ ነህ?»

የአባቱን ስም ተናገረ።

«አስተምሬሃለሁ?»

«እኔን አይደለም፣ መምህር። ታላቅ ወንድሜን ነው።»

«ጎበዝ ነበር?»

«አልነበረም።»

«አዎ። አልነበረም» አሉ መምህር፤ ሦስቱም ሳቁ።

ሲወጣ የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ረጥቧል። ስልኩን ሳይከፍት ኪሱ ከተተ፣ ጃኬቱን ከእጄ ተቀበለ፣ መኪናው ውስጥ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ ሄደ። እኔም «ደህና፤ እሑድ እንሰማዋለን» አልኩ በሆዴ። መድረክ ላይ ወጥቶ «አርብ ዕለት ጌታ ረድቶኝ» ብሎ ሲጀምር፣ መምህርን ያለ ቪዲዮ በአፉ ሲያሳያቸው ታየኝ።

እሑድ ጋቢው ለሽማግሌው ተሰጠ። መድረክ ላይም እምቢ አሉ፤ ሁለት ሰዎች ይዘው አለበሷቸው፤ ሕዝቡ እልል አለ። የጋቢው ጥለት በካሜራዬ ጎልቶ ታየ። ወፍራም ነበር። ከዚያ ሰብሳቢው ማይክ ያዘ። ድምፁን አስተካክዬ ጠበቅኩ። «ክብር ለጌታ ይሁን» አለና ተቀመጠ።

ያመለጠኝ ነገር ካለ ብዬ ማታ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። አላመለጠኝም። ከዚያ ወዲህም ለማንም አልተናገረም። ስለ ቆርቆሮው ሳይነግረን ያልቀረ ሰው፣ ስለዚህኛው ዝም አለ። በእሱ መናደድ ለምጄ ስለነበር ይሄም አናደደኝ። አሁን ደግሞ እሱ ዝም ያለበትን ነገር እየተናገርኩ ያለሁት እኔው ነኝ።

እቴቴን ከአምልኮው በኋላ ጽዋዎቹ ዘንድ አገኘኋት።

«ለማን ሰጡት?»

ነገርኳት። በእጇ የያዘችውን ጽዋ ሳፋው ውስጥ ጣለችው። «እኔ እኮ ፈልጌው ነበር።»

«ተናደድሽ?»

«አዎ። አልናደድም እንዴ? ወፍራም ነበር?»

«ወፍራም ነበር።»

ጽዋውን መልሳ አወጣችና ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «በሚመጣው ዓመት ሲጠይቁኝ እምቢ እላለሁ። ያኔ ያለብሱኛል።»

ኮሚቴውን አብረን እንድናማ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ፎጣ ሰጠችኝና ትሪውን እንዳደርቅ አዘዘችኝ፤ ቀጥሎ የዘበኛውን የቁልፍ ጉዳይ አነሳች፤ የእኔ ንዴት ተራ አልደረሰውም።

ማክሰኞ ሳልጠራ አጋሮ ሄድኩ። ሰብሳቢው በዚያ ቀን አልነበረም፤ የሚያገላብጥ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። በረንዳው ላይ እንደቆምኩ መምህር ኮቴዬን ሰሙ።

«ካሜራህስ?»

«ፎቶ ቤት ነው ያለው፣ መምህር።»

መጋረጃውን እቴቴ ከውስጥ ገለጥ አደረገችው።

«እንግዲያው ጫማህን አውልቅና ግባ» አሉ መምህር። «ወለሉ እርጥብ ነው።»