አንበሴ የት ነበር የሚያድረው?

ልጅ ሳለሁ የማውቀው እሳት ሁሉ የኩበት እሳት ነበር። ዛፍ በማይበዛበት በእኛ የመንዝ ደጋ የኩበት ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ፍሙ ግን ሰው እስኪተኛ ድረስ ይቆያል። እታባ ተረታቸውን የሚጀምሩት ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ ኩራዙም ምሰሶው ላይ ሲሰቀል ነበር። እታባ የአባቴ አክስት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ተረታቸው እንደ ሌላው ሰው ተረት ቶሎ አይሄድም። ጦጣዋ ከጅቡ አምልጣ ገደል ለገደል ስትሮጥ፣ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ እንዝርታቸውን ያቆሙና «እንግዲህ ያን ማታ የት አደረች? ምንስ በላች?» ይሉናል። ካልመለስን ተረቱ አይቀጥልም። እኔን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። የምፈልገው ጅቡ ደረሰባት አልደረሰባትም ነው እንጂ የጦጣ ማደሪያ ምን ያደርግልኛል? እሳቸው ግን «የበላውንና ያደረበትን ሳታውቂ የማንንም ነገር አወቅሁ አትበይ» ይሉኝ ነበር።

ተረት ሲጀመር ውሻችን አንበሴም ይገባል። በአገሩ ወግ ውሻ የሚያድረው ደጅ ነው፤ እታባ ግን «ብርዱ ለእሱም ብርድ ነው» ብለው ያስገቡታል፤ እሱም እግራቸው ሥር፣ ባናቸው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ያድራል። ያን ጥቁር የበግ ፀጉር ባና የሠሩላቸው ሸማኔ የነበሩት ባላቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ባናው ሁለት ዓመት ሙሉ አልታጠበም፣ ፀሐይም አላየም። እናቴ አንድ ቀን ልጠብልዎ ብትላቸው «ሽታውን ውሃ ይወስድብኛል» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባናው መታጠብ ያነሳ ሰው የለም።

በዚያ ዓመት አንበሴ ማከክ ጀመረ። መጀመሪያ ሳቅንበት። ቆይቶ ግን ከወገቡ ጀምሮ ፀጉሩ ይረግፍ፣ ቆዳው ይቀላና ይቆስል ጀመር። የሰፈር ልጆች «ጎፈሬ የሌለው አንበሳ» አሉት። ጎረቤቱ ሁሉ እከክ ነው አለ። አባቴ መሐል ሜዳ ከተማ ካሉ ሾፌሮች የተቃጠለ ዘይት ለምኖ አምጥቶ ቀባው፤ ጭራሽ ባሰበት። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ኑሯችን በጎቹ ነበሩ። «በጎቹ ላይ ከተጋባ አለቅን። ቅዳሜ ሞላሌ ስሄድ ይዤው ሄጄ እዚያው እተወዋለሁ» አለ። እንዲያ የተመለጠ ውሻ በሰው አገር ማን ያስጠጋዋል? በድንጋይ እንደሚጨርሱት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ካቡ ሥር አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እታባ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

«ልቅሶሽ መድኃኒት ይሆነዋል? ይልቅ የቱ ጋ ነው የሚያከው?»

አይቼው እንደማላውቅ አየሁት። ፊቱ ደህና ነው፤ ጆሮውም፣ የፊት እግሮቹም። የሚነክሰው ከጭራው በላይ ያለውን ጀርባውንና ታፋውን ነው። የጎረቤታችን ውሻ እከክ ሲይዘው ግን የጀመረው ከጆሮው እንደነበር ትዝ አለኝና ነገርኳቸው።

«ዓይንስ አለሽ» አሉኝና ሚዶ አስመጡኝ። ነጠላቸውን ከአንበሴ ሥር አንጥፈው ጀርባውን በቀስታ አበጠሩት። ነጩ ነጠላ ላይ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነገር ረገፈ። አባቴ ከበረቱ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና «አፈር ነው» አለ። እታባ ጣታቸውን ውሃ ነክረው ጠብ አደረጉበት። ጥቁሩ ቀልቶ ነጠላው ላይ ተንሰራፋ።

«አፈር ደም ይሆናል እንዴ፣ ልጄ? ይህ የቁንጫ ኩስ ነው። የመጠጠችው ደም ነው።»

«ቁንጫማ ማን ቤት የለም እታባ? በቁንጫ ውሻ ይመለጣል?»

«አንዱን ሰው ሳማ ሲነካው አከክ አድርጎ ይተወዋል፣ ሌላው ገላው ሁሉ ያብጣል። የዚህም ቆዳ ቁንጫ አልስማማው ብሎ ይሆናል።» ከዚያ ልክ እንደ ተረቱ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ የት ነው የሚያድረው?»

መልሱን አውቀው ነበር። አባቴም ሳያውቀው አልቀረም፣ ፊቱን ወደ በጎቹ አዞረ። ይህን ጥያቄ ስንትና ስንት ማታ እንደመጣልኝ መልሼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ዝም ካልኩ አንበሴ ቅዳሜ መሄዱ ነው፤ ከተናገርኩ ደግሞ የቀራቸውን የባላቸውን ሽታ ልወስድባቸው ነው።

«እርስዎ እግር ሥር» አልኩ። «ባናው ላይ።»

እታባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አዩ። ለካ እሳቸውም ክንዳቸውን እያከኩ «እርጅና ነው» ሲሉን ከርመዋል። አባቴ አዝኖ «ፀሐይ ላይ እናሰጣው፣ ይበቃዋል» አላቸው።

«እንቁላሏን ፀሐይ አይጨርሳትም። ውሃ አፍሉ» አሉ።

ባናው በፈላ ውሃ ተነከረ። ቤቱ ተጠረገ፣ ጉዝጓዙ ተቃጠለ፣ አንበሴም በሳሙና ታጠበ። ቅዳሜ አባቴ ሞላሌ የሄደው ብቻውን ነበር፤ በሳምንቱ ደግሞ መሐል ሜዳ ካለው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ የቁንጫ መድኃኒት አመጣለት። ክረምቱ ሲወጣ የአንበሴ ፀጉር ተመልሶ መጣ።

ባናው ግን የበግ ፀጉር ነውና የፈላ ውሃ አኮማተረው። ካቡ ላይ ከርሞ ሲደርቅ ግማሽ ሆኖ ቀረ፤ ትከሻ ቢያለብስ እግር አያለብስም። እታባ አንስተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። እኔ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ።

«በግ በግ ይላል» አሉ። ከዚያ እንባቸው ግጥም እንዳለ ሳቁ። «እሱም እኮ በግ በግ ነበር የሚለው።»

ልኩ የእኔ ነበርና ለእኔ ሰጡኝ።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ባናውን የምትለብሰው ልጄ ናት። በቅርቡ መብራት በጠፋ ምሽት ሻማ አብርቼ ይህን ሁሉ ነገርኳት። አንበሴ ዳነ ስላት ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ፣ ባናውን እስከ አገጯ ስባ «ለአንቺ በሰጡሽ ማታ፣ እታባ ምን ለብሰው አደሩ?» አለችኝ።

ስንት ተረት ሰምቼ፣ የስንቱን ጦጣና የስንቱን ቀበሮ ማደሪያ ስመልስ ኖሬ፣ ይህን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ያን ማታ እኔ ባናዬን ተከናንቤ፣ ሞቆኝ፣ ተረታቸው ሳያልቅ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።