ሰናይት የተሸከመችልኝ ጥፋት

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይችን እየዘለልሁ ነው የኖርሁት።

እኔና ሰናይት አብረን የተመረቅን ጠቅላላ ሐኪሞች ነን። ማራኪ የሚባል ሰፈር አንዲት ክሊኒክ ከፍተን ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት እሷ፣ በሽተኞቻችንን እየተረካከብን እንሠራ ነበር።

አንድ ጠዋት አያ ሞላ የሚባሉ የጠዳ ገበሬ እግራቸው ላይ አልሽር ያለ ቁስል ይዘው ከልጃቸው ጋር መጡ። ስኳር ጠረጠርሁ። የእኛ መለኪያ ተበላሽቶ ስለነበር ደማቸውን ወደ ሌላ ላብራቶሪ ላክሁና "ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን" ብዬ ሸኘኋቸው። ውጤቱ በማግስቱ ልወጣ ስል ደረሰኝ። ሳላነበው መሳቢያዬ ውስጥ ከተትሁት። ምን አጣደፈኝ? ምንም። ምሳ ልበላ ነበር የምወጣው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጃቸው እያለቀሰች መጣች። የአያ ሞላ እግር ከጉልበት በታች ተቆርጧል።

"ምነው ዶክተር? ስልካችሁን ስንጠብቅ!" አለች።

ሰናይት አጠገቤ ቆማለች። ወረቀቱ የት እንዳለ ትዝ ብሎኛል። እኔ ግን "ለዶክተር ሰናይት አስረክቤያት ነበር" አልሁ።

ትክዳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግንባሯን ይዛ ብዙ አሰበች። "ሰጥተኸኝ ነበር እንዴ? እንግዲያ ረስቼው ይሆናል" አለች። ከራሷ ይልቅ እኔን አመነች። "የለም፣ እኔ ነኝ" ማለት ያን ያህል ይከብድ ነበር? አላልሁም። እንዲያውም ብቻዬን ስሆን ወረቀቱን ቀዳደድሁት።

እሑድ ይቅርታ ልትጠይቅ ጠዳ ወረደች። እኔም አብሬያት ሄድሁ፤ እንደ ደግ ባልንጀራ። አያ ሞላ መደቡ ላይ ተቀምጠው "ተይው ልጄ፣ ሰው ይረሳል። እግዜር ይፍታሽ" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተም ሸጋ ሰው ነህ፤ ጓደኛህን በክፉ ቀን ብቻዋን አልተውሃትም" ብለው መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ "አሜን" አልሁ። አሜን አልሁ!

ሰናይት ከዚያ ወዲያ አንዱን ካርድ ሦስት አራት ጊዜ ታነብ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ሕክምናውን ተወችው። ስንሰነባበት "ራሴን አላምነውም" ነው ያለችኝ። አሁን ቁስቋም የልብስ ሱቅ አላት። አያ ሞላ አርፈዋል።

ፈርቼ ነው እንዳልል፣ እሷም ፈርታ ነበር፤ ያላጠፋችውን ይዛ ግን ጠዳ ድረስ ሄዳለች። እኔ ያጠፋሁትን ለማታውቁኝ ለእናንተ ተናገርሁ። ሱቋ ከክሊኒኬ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እስካሁን አልሄድሁም።