ሽሮው ገባ፣ ትሪፖዱ ቀረ

ሥራ የጀመርኩት ሳን ሆዜ፣ አንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ነው። አለቃዬ ጋሼ ተክሌ አስመራ ተወልደው ሙያውን አዲስ አበባ የተማሩ፣ ኦክላንድ ውስጥ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ፍላሹን አስያዙኝና፣ "ስሚ ሰብለ፣ እዚህ ሥራ ላይ ሕጉ አንድ ነው። ሰው አይቀርም። ሙሽራዋ ዓይኗን ብትጨፍን ይቅር ይሉናል። የሙሽራው አክስት ከፎቶ ከቀሩ ግን ከተማ ለቀን መሄዳችን ነው" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንዲት አክስት ጫማ ሊቀይሩ ወደ መኪናቸው ሲወጡ፣ ፓርኪንግ ድረስ ተከትለን አንድ እግራቸውን ባዶ እንዳደረጉ አነሳናቸው።

ከፍላሽ ያዥነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ሁለተኛ አንሺነት ያደግሁት በዚህ ሕግ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ሰው ሰለቸኝ። እንዲህ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰለቸኝ። ማንም የሌለበት፣ "እኔን አነሳሽኝ ወይ?" የሚል ድምፅ የማይሰማበት አንድ ፎቶ ማንሳት አማረኝ።

ኬቨን የመጣልን ያን ጊዜ ነው። ሳንታ ክላራ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ይሠራል። የሥራቸው ፈሊጥ፣ ሰው ኮምፒውተሩን ትቶ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚመጡ ሥዕሎችን መሸጥ ነበር። ኬቨን የሥራ ባልደረባው የሆነ ሐበሻ ሠርግ ላይ ተጋብዞ ጥግ ይዞ ሲበላ፣ ጋሼ ተክሌ ከነሳህኑ ጎትተው የቤተሰብ ፎቶ ውስጥ አስገብተውታል። በዚያ ተገርሞ ነው የፈለገን።

የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። የበረሃዋንና የባሕር ዳርቻዋን ፎቶ በመኪና ዞረን እንድናነሳለት ፈለገ። "ሰው አይኑርበት። መኪና አይኑርበት። ዱካ እንኳ አይኑርበት" አለ። ከሁሉ በላይ የፈለገው ኡሉሩን ነው፤ መሃል በረሃ ላይ የቆመውን ትልቁን ቀይ ድንጋይ፣ ጸሐይ ከመውጣቷ በፊት። የጉዞ ዕቅዱን አይቶ ከወደደው ኮንትራቱን ይፈርማል።

ጋሼ ጉልበታቸውን እያሹ፣ "እኔ መኪናውን እነዳለሁ፣ ካሜራው ያንቺ ነው" አሉኝ። የእኔ የሚባል የመጀመሪያ ሥራዬ ሊሆን ነው። ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ።

ከንጋት በፊት ብርሃኑ ስስ ነው። ሌንሱ ብዙ ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ በዚያ መሃል ካሜራው ቅንጣት ከተነቃነቀ ፎቶው ይደበዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ካሜራ የሚቆምበትን ባለሦስት እግር ትሪፖዴን ነው። ቀጥዬ ትልቅ የአውስትራሊያ ካርታ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩና፣ ብርሃን ያምራል ያልኩበት ቦታ ሁሉ መርፌ ሰካሁ።

ጋሼ መጥተው ጣታቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። "እዚህ ማን አለን?"

"ማንም የለንም ጋሼ። ድንጋይ ነው።"

"ታዲያ ማን ቤት ነው የምናድረው?"

"ሞቴል አለ።"

"ሞቴል! አገሩ ሁሉ ዘመድ ሞልቶ ሞቴል አደሩ ሲባል ምን ይሉናል?"

"እዚያ እኮ ሰው የለንም!"

"ሰው ከሌለን ምን ልንሠራ ነው የምንሄደው?" አሉና መርፌውን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ስልክ ላይ ተቀመጡ። ሲድኒ ሰው ተገኘ፣ ሜልቦርን ተገኘ፣ አደላይድ ተገኘ። አንድ አዳር ብቻ ብንላቸው አንዳቸውም አልሰማ አሉ። የሜልቦርኖቹማ ፎቶ አንሺ ከአሜሪካ ይመጣል ብለው የልጃቸውን ሠርግ እኛ ወደምንደርስበት ቀን አዛወሩት። የበረሃው ጊዜ በእራት ግብዣ አለቀ። እኔ ሰው ሸሽቼ ልሄድ፣ ሠርግ ተጠርቼ አረፍኩት።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ደግሞ ዕቃ መጉረፍ ጀመረ። "መንገዳችሁ ነው" እያሉ በርበሬ፣ ጋቢ፣ የልጅ ጫማ። ጋሼ ሁሉንም ተቀበሉ። የመለሱት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሳን ሆዜዋን ወይዘሮ አልማዝን። ወንድማቸው ያለው ዳርዊን ነው፣ በሰሜን ጫፍ።

"ዳርዊን ከመንገዳችን ውጭ ነው፣ አልማዝ።"

"አውስትራሊያ ውስጥ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ የሁሉን ሰው ስታደርሱ የኔን ወንድም ብቻ ዘለላችሁት?" አሉና ሽሯቸውን ታቅፈው ወጡ። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አልተፈታም። በሕይወታቸው ሰው ሲያስቀሩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ካርታውን ጠቅልለን ሳንታ ክላራ ሄድን። ኬቨን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው።

"በረሃው የት አለ?"

"እዚያ ሰው የለም" አሉ ጋሼ።

"እኔም የምፈልገው እሱን እኮ ነው።"

"መኪናችን ቢሰበር ማን ውሃ ይሰጠናል? እስቲ ንገረኝ።"

አንገቴን ደፋሁ። በቃ፣ ሥራዬ ሄደ። አለቃዬን ማነቅ አማረኝ።

ኬቨን ግን አልተቆጣም። ጣቱን ብሮክን ሂል የምትባል ከተማ ላይ አደረገ፤ በረሃው ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ናት። "እናቴ እዚህ አለች። አባቴም መንገድ ስንወጣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ ውሃ ማን ይሰጠናል እያለ።"

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። "እናት አለችህና ነው እስከዛሬ ዝም ያልከን?"

ኬቨን ቀላ። መሳቢያውን ስቦ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር መልእክት የሚቀዳ ማሽን አወጣ። እናቱ ስልክ አያነሱም፤ በፖስታ ብልከው ይሰበራል ብሎ ፈርቶ ዓመት አስቀምጦታል። "ካላስቸገርኳችሁ..." አለ።

ሰው የሌለበት ፎቶ የፈለገው ሰው እሱ ነው እንግዲህ።

"እናደርሳለን! እሷው ጋ ነው የምናድረው። ሰብለ፣ መርፌውን ስጪኝ" አሉ ጋሼ። መርፌው መሳቢያ ውስጥ ኦክላንድ ስለነበር ኬቨን በእስክሪብቶ ምልክት አደረገበት። እናት ካሉ መንገድ የሚያሳየን ሰው አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ወደ ድንጋዩ መዝለቅ ይቻላል። ከድንጋዩ ደግሞ መንገዱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳርዊን ይወጣል። ኮንትራቱ እዚያው ተፈረመ።

መኪና ውስጥ ገና ሳንገባ፣ "ለአልማዝ ኮል አድርጊላት" አሉኝ። ወይዘሮ አልማዝ ኩርፊያቸውን ረስተው የዚያኑ ዕለት መጡ። የሽሮው ከረጢት ግን አድጎ ትራስ አክሏል።

መሄጃችን ሲቃረብ ሻንጣዎቹን መዘንን። ከልክ አለፉ። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩና ትሪፖዴን መዘው አወጡ።

"ጋሼ! ያለሱ እኮ አልሠራም!"

"ትሪፖድ እዚያም ሬንት ይደረጋል። የአልማዝ ሽሮ የት ሬንት ይደረጋል?"

በንዴት አለቀስኩ። አውሮፕላን ውስጥም አላናገርኳቸውም።

ሲድኒ ኤርፖርት ፈታሹ ሽሮውን ከፍቶ አሸተተና ምንድነው አለ። ጋሼ ከሽንኩርቱ ጀምረው አሠራሩን ያስረዱት ጀመር። ውሃ ጨምረው ሳይጨርሱ፣ ሰውዬው ከኋላችን ያለውን ሰልፍ አይቶ በእጁ እለፉ አለን።

ትሪፖድ አልተከራየንም። በየከተማው ከማዕድ ተነስተን ስንወጣ ሱቁ ተዘግቶ ይጠብቀናል። የኬቨን እናት ማሽኑን ተቀብለው ገለባበጡትና፣ "ስልክ የማላነሳው ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም" አሉ። ለልጃቸው ኬክ ጠቅልለው አስያዙን፤ የበረሃውንም መንገድ ውሃ ከሚገኝበት ጋር ነገሩን።

ኡሉሩ ጋ የደረስነው ገና ሳይነጋ ነው። ማንም የለም። ስንት ዓመት የተመኘሁት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ካሜራዬን የማሳርፍበት አጣሁ። አሁንም ለቅሶ መጣብኝ።

ጋሼ የመኪናውን ኋላ ከፈቱ፤ የሽሮውን ከረጢት ተሸክመው መጥተው የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጡት። ካሜራውን ጫን አደረግሁት። ሰመጠ፤ ያዘው። ቢነካም አይነቃነቅም። ሌንሱን ከፈትኩ። ጋሼ መኪናው እንዳይነቃነቅ ብለው ራቅ ብለው ቆሙ፣ ትንፋሻቸውንም ያዙ። ትንፋሽ መያዙ እንኳን አያስፈልግም ነበር፤ ግን አልነገርኳቸውም። ድንጋዩ ከጥቁር ወደ ቀይ ሲለወጥ ሁለታችንም ቆመን አየን።

ያ ፎቶ ለኬቨን ድርጅት ከሰጠነው ሁሉ ጥርት ያለው ሆነ። ሳንታ ክላራ ውስጥ ሰዎች ከወንበራቸው ሲነሱ ስክሪናቸው ላይ ይመጣ ነበር፤ ሰው የለበትም፣ መኪና የለበትም፣ ዱካ የለበትም። ሽሮውን የወይዘሮ አልማዝ ወንድም ዳርዊን ውስጥ በላው።

ለጀማሪዎች የምነግረው ይህን ነው። ካሜራ የሚፈልገው የማይነቃነቅ ነገር ነው። ትሪፖድ ከሌላችሁ ከረጢት ሽሮ ይበቃል፤ እስከ አፉ አትሙሉት፣ አፉን ግን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት።